ነፋስ የሚካፈሉ ሰዎች

በጥር ወር እሁድ ጠዋት ከለንደን በስተደቡብ ወደ ሰሪ ኮረብታዎች በሚያወጡት የገጠር መንገዶች የሚያልፍ ሰው ይህን ሳያይ አይቀርም፦ አሥር አሥራ ሁለት ብስክሌተኞች ሁለት ሁለት ሆነው፣ ጎማ ለጎማ ተጠጋግተው፣ እያወሩ ይመጣሉ። ብርዱ ከዜሮ ዲግሪ ብዙም አልራቀም፤ በየአጥሩ ሥር ያለው ሣር ገና ውርጩ አልለቀቀውም። ከፊሎቹ ጡረታ የወጡ ናቸው፤ ከፊሎቹ ገና ሃያ ዓመት አልሞላቸውም። የሚሽቀዳደሙበት ሽልማት የለም። ከሰማንያ እስከ መቶ ኪሎ ሜትር ተጉዘው፣ መሐል ላይ ሻይ ጠጥተው፣ ፀሐይ ሳትጠልቅ ወደየቤታቸው ይገባሉ። በሚቀጥለው እሁድም እንደዚያው።

ሰው በዚህ ብርድ ሞቃት አልጋውን ትቶ ለምን ይወጣል ተብሎ ብዙ ጊዜ ይጠየቃል። እኔን ይበልጥ የሚያስደንቀኝ እንዴት እንደሚችሉት ነው። ያንኑ መንገድ በዚያው ፍጥነት ብቻውን የሚሞክር ሰው፣ ጠንካራ ቢሆንም እንኳ፣ በጣም ቀድሞ ይዝላል። አሥራ ሁለት ሆነው ሲሄዱ ግን የሰባ ዓመቱም ሰው ይዘልቃል። ምሥጢሩ የብስክሌት ክበባቸው በሚከተላቸው ትናንሽ ደንቦች ውስጥ ነው። ፓራፋንጎ የሌለው ብስክሌት ይዞ የመጣ ሰው ከሁሉም ኋላ እንዲሆን ይነገረዋል። ከፊት ያለው በድንገት ፍሬን አይዝም። የአንዱ ጎማ ሲተነፍስ ሁሉም ይቆማል። ለእንግዳ እነዚህ የእንግሊዞች የይሉኝታ ወግ ይመስሉታል። ጠጋ ብሎ ላያቸው ግን እያንዳንዳቸው ከነፋስ፣ ከውሃ ወይም ከሰውነት ሙቀት የተወለዱ ናቸው።

ልማዱ የቆየ ነው። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታትና ወራት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ዛሬም ድረስ ካሉት ክበቦች በዕድሜ ከአንጋፋዎቹ አንዱ የሆነው የፒክዊክ ብስክሌት ክበብ በ1870 በለንደን ሃክኒ ውስጥ ተመሠረተ፤ ስሙን የወሰደው ክበቡ በተመሠረተበት ወር ካረፈው ከቻርልስ ዲከንስ ልብ ወለድ ነው። በ1878 ደግሞ በሃሮጌት ከተማ የብስክሌት ተጓዦች ማኅበር ተቋቋመ፤ ዛሬ ሳይክሊንግ ዩኬ የሚባለው ይኸው ነው። የያኔው ብስክሌት የፊት ጎማው ሰው ደረት ድረስ የሚደርስ፣ ዋጋውም የማይቀመስ ስለነበር አባሎቹ በአብዛኛው የደላቸው ወጣት ወንዶች ነበሩ። በ1885 ጆን ኬምፕ ስታርሊ ኮቨንትሪ ውስጥ በሰንሰለት የሚነዳውንና ሁለቱ ጎማዎቹ በመጠን የሚቀራረቡትን ብስክሌት ሠራ። ከሦስት ዓመት በኋላ ጆን ቦይድ ደንሎፕ ቤልፋስት ላይ በአየር የሚነፋውን ጎማ አመጣ። ዋጋውም እየወረደ ሄዶ የፋብሪካ ሠራተኛው፣ ጸሐፊው፣ የሱቅ ሠራተኛዋ ባለ ብስክሌት ሆኑ።

እነዚህ ሰዎች የነበራቸው ነፃ ጊዜ የሳምንቱ መጨረሻ ብቻ ነበር። የ1850ው የፋብሪካ ሕግ በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካዎች የሚሠሩ ሴቶችና ወጣቶች ቅዳሜ ከቀኑ 8 ሰዓት በኋላ እንዳይሠሩ ደንግጎ ነበር፤ ሌላው ሙያ ቀስ በቀስ ተከተለ። በ1894 በርሚንግሃም ላይ ክላሪዮን የተባለው የሶሻሊስት ጋዜጣ አንባቢዎች በጋዜጣው ስም የራሳቸውን ክበብ መሠረቱ፤ እሱም እስከ ዛሬ አለ። ከለንደን ወደ ፖርትስማውዝ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለችው የሪፕሊ መንደር በእነዚያ ዓመታት ብስክሌተኛ የሚጎርፍባት ሆነች። አንከር የሚባለውን ማረፊያ ቤት ያስተዳድር ለነበረው ለዲብል ቤተሰብ ብስክሌተኞች በመንደሩ ቤተ ክርስቲያን መታሰቢያ አቁመዋል። ሻይና ትኩስ ምግብ ላቀረበ ሰው በቤተ ክርስቲያን መታሰቢያ ማቆም የተጋነነ የሚመስለው ካለ፣ በብርድ ሃምሳ ኪሎ ሜትር ነድቶ የሞቀ ክፍል ውስጥ ይግባና ይፍረድ።

አሁን ወደ ነፋሱ። በሜዳ ላይ በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር የሚነዳ ብስክሌተኛ ከሚያወጣው ኃይል ከአምስት አራት እጅ የሚሆነው አየሩን ለመግፋት የሚውል ነው። የተቀረው በጎማና በሰንሰለት ሰበቃ ያልቃል። አየር ደግሞ ፍጥነትን አይወድም፦ ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን የአየሩ ተቃውሞ አራት እጥፍ፣ ያን ለማሸነፍ የሚያስፈልገው ኃይል ስምንት እጥፍ ይሆናል። ለዚህ ነው ከ25 ወደ 30 ኪሎ ሜትር ከፍ ማለት፣ አምስት ኪሎ ሜትር ብቻ ቢመስልም፣ ከግማሽ በላይ ተጨማሪ ኃይል የሚጠይቀው።

ብርድ ይህን ያብሳል፤ ቀዝቃዛ አየር ጥቅጥቅ ያለ ነውና። በ0 ዲግሪ ያለ አየር በ20 ዲግሪ ካለው 7 በመቶ ያህል ይከብዳል። ለአዲስ አበባ ሰው ልዩነቱ ከዚህም የሰፋ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነች አየሯ ስስ ነው፤ ለብ ባለ ቀን በመስቀል አደባባይ ከሚነዳ ሰው ጋር ሲነጻጸር በጥር ለንደን ላይ የሚነዳው ሰው የሚገፋው አየር 40 በመቶ ያህል ይከብዳል። አዲስ አበባ ላይ ሳንባን የሚፈትነው የኦክስጅን እጥረት ነው፤ ለንደን ላይ ኦክስጅኑ ሞልቷል፣ እግርን የሚፈትነው የአየሩ ክብደት ነው።

መፍትሔው ከሌላ ሰው ጀርባ መሄድ ነው። ፊት ያለው ሰው አየሩን ሰንጥቆ ሲያልፍ ከኋላው ግፊቱ የቀነሰ ክፍተት ይተዋል፤ እዚያ ውስጥ የገባ ሰው ከሩብ እስከ ሲሶ የሚሆን ኃይል ይቆጥባል። ቤልጅማዊው የአየር ፍሰት ተመራማሪ በርት ብሎከን በ2018 ይፋ ባደረገው ጥናት 121 ብስክሌተኞች ያሉበትን ቡድን በነፋስ ዋሻና በኮምፒውተር ፈትሾ ነበር። ከመሐልና ከኋላ ያሉት ብቻቸውን ቢሆኑ ከሚገጥማቸው የአየር ተቃውሞ ከ5 እስከ 10 በመቶ የሚሆነው ብቻ እንደሚደርስባቸው አገኘ። የእሁዱ የአሥራ ሁለት ሰው ቡድን እዚህ ደረጃ አይደርስም፤ ትርፉ ግን ለማንም ይታወቃል። ለፊተኛውም ቢሆን ትንሽ ይደርሰዋል፦ ከኋላው ሰው ሲኖር ወደ ኋላ የሚስበው የአየር ክፍተት በከፊል ስለሚሞላለት በጥቂት በመቶ ይቀልለዋል።

ስለዚህ ፊት መሆን ወጪ ነው፤ ወጪውንም በየተራ ይከፍሉታል። በብሪታንያ መንገድ በግራ ስለሚነዳ ሁለት ረድፍ አለ፦ ከመንገዱ ጠርዝ ያለው የውስጥ ረድፍና ወደ መሐል ያለው የውጪ ረድፍ። ፊት ያሉት ሁለቱ ለጥቂት ደቂቃ ነፋሱን ተቀብለው ከሄዱ በኋላ፣ የውጪው ሰው ቀስ ብሎ ቀደም ይልና በውስጠኛው ፊት ይገባል። ከእሱ ኋላ የነበረው ወደ ፊት ይወጣል። የውስጥ ረድፉ በሙሉ በአንድ ሰው ቦታ ወደ ኋላ ይሸሻል፤ መጨረሻ ላይ ያለው ደግሞ ወደ ውጪው ረድፍ ይሻገራል። ይህ ሁሉ ፍጥነቱ ሳይለወጥ ነው የሚሆነው። በዚህ አሠራር ውስጥ በጣም የምወደው ነገር አንድ ነው፤ መዞሩ በተከናወነ ቁጥር የእያንዳንዱ ሰው የጎን ጓደኛ ይቀየራል። ከመሐንዲሱ ጋር ስለ ጣሪያ ሲያወራ የነበረው ልጅ ከነርሷ ጋር ስለ ሌሊት ፈረቃ ያወራል። ወሬውን የሚያዘዋውረው ነፋሱ ነው።

ለዚህ ነው ክበቦች አንድን ጠባይ አጥብቀው የሚነቅፉት፦ ከጎኑ ካለው ሰው በግማሽ ጎማ መቅደም። አጠገብህ ያለው ሰው እኩል ለመሆን ትንሽ ይጨምራል፤ አንተም ትንሽ ትጨምራለህ፤ ሳይታወቅ ፍጥነቱ ይንርና ከኋላ ያሉት ደካሞች ከፊተኞቹ የነፋስ ጥላ ይወጣሉ። ከጥላው የተነጠለ ሰው ነፋሱን በሙሉ ብቻውን ስለሚጋፈጥ ተመልሶ ለመድረስ ከፊተኞቹ ይበልጥ መግፋት አለበት። ከደከመ ሰው ይህን መጠየቅ ግፍ ነው። ጥሩ የቡድን መሪ ዓይኑ ከፊት ካለው መንገድ ይልቅ ከኋላ ባሉት ላይ የሚያዘወትረው ለዚህ ነው። ሌላው ክልክል የፊት ጎማን ከፊተኛው ሰው የኋላ ጎማ ጎን ለጎን ማስገባት ነው። ፊተኛው ጉድጓድ ለመሸሽ ዞር ቢል ጎማው ጎማህን ይመታል፤ እሱ ምንም አይሆንም፣ የምትወድቀው አንተ ነህ፤ በአንተ ላይ ደግሞ የሚመጡት ሌሎች።

ብርዱን በተመለከተ ሰዎች የሚፈሩትና በእርግጥ የሚጎዳው የተለያዩ ናቸው። በ0 ዲግሪ በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር ሲነዳ ፊትና ጣቶች የሚሰማቸው ከዜሮ በታች 6 ወይም 7 ዲግሪ ያህል ነው። ሆኖም የሚነዳ ሰው ራሱ ምድጃ ነው። ጡንቻ ካቃጠለው ነዳጅ ወደ ሥራ የሚለውጠው ከአራት አንድ እጁን ብቻ ነው፤ የቀረው ሙቀት ይሆናል። ፔዳሉ ላይ 150 ዋት የሚያሳርፍ ሰው 450 ዋት ያህል ሙቀት ያመነጫል። አደጋው የሚመጣው ሲቆም ነው። በአንድ ጊዜ ያ ምድጃ ወደ 100 ዋት ገደማ ይወርዳል፤ ልብሱ በላብ ርሷል፤ ውሃ ደግሞ ከአየር ይልቅ ሃያ አምስት ጊዜ ያህል ሙቀት ያስተላልፋል። አምስት ደቂቃ ሳይሞላ ጥርስ መንቀጫቀጥ ይጀምራል።

በብርድ ወራት ጎማ ተንፍሶ ሲቆም የሚታየው ጥድፊያ ከዚህ የመጣ ነው። ጎማ የሚበሳውም በብዛት በዚሁ ወቅት ነው። በእንግሊዝ ገበሬዎች የወፎች መራቢያ ጊዜ ካለፈ በኋላ፣ በመጸውና በብርዱ ወራት፣ የእሾህ አጥራቸውን ይከረክማሉ፤ ቁርጥራጩ አስፋልቱ ላይ ይቀራል። ዝናብም ከኖራ ድንጋይ ኮረብታዎቹ ስለታም ባልጩት እያጠበ ያወርዳል። ባለፈው ጥር ያየሁት እንዲህ ነበር። ባለ ጎማው እጁን ከማንሳቱ በፊት አንዱ ብስክሌቱን ገልብጦ ጎማውን ፈታ። ሁለተኛዋ ጓንቷን በጥርሷ አውልቃ አውራ ጣቷን በጎማው የውስጥ ክፍል ዙሪያውን አስኬደችና ጫፉ ብቻ የቀረ ጥቁር እሾህ በጥፍሯ ነቅላ አወጣች። ሦስተኛው እስከዚያ አዲሱን ካላማዳሪ ቅርጽ እስኪይዝ ድረስ በአፉ ነፍቶ ይጠብቅ ነበር። የቀሩት ዝም ብለው አልቆሙም፤ ወዲያና ወዲህ ይራመዳሉ፣ እጃቸውን ያራግባሉ። ብቻውን የነበረ ሰው በደነዘዘ ጣት ግማሽ ሰዓት የሚፈጅበት ሥራ በጥቂት ደቂቃ አለቀ። እሾሁን ሳያወጣ አዲስ ካላማዳሪ የሚከት ሰው መቶ ሜትር ሳይሄድ እንደገና እንደሚቆም ሁሉም ያውቃል፤ የሴትዮዋ አውራ ጣት ከሁሉም የከበረው ለዚህ ነው።

በነገራችን ላይ ጎማን ሳሎን ውስጥ ነፍቶ መውጣት የሚያሳስት ነው። በ20 ዲግሪ ክፍል ውስጥ 6 ባር የተነፋ ጎማ 0 ዲግሪ ላይ ሲደርስ ግማሽ ባር ያህል ይወርዳል። በረጠበ መንገድ ትንሽ ላላ ያለ ጎማ መንገዱን የተሻለ ስለሚይዝ ይህ እንደ ጉዳት አይቆጠርም።

ፓራፋንጎውስ? የሚሽከረከር ጎማ የያዘውን ውሃ ወደ ላይና ወደ ኋላ ይረጫል። ፓራፋንጎ ከሌለ ውሃው የሚያርፈው በራስህ ወገብና ከኋላህ ባለው ሰው ፊት ላይ ነው፤ ውሃውም ከከብት እበት፣ ከጭቃና ከበረዶ ማቅለጫ ጨው ጋር የተደባለቀ ነው። መደበኛ ፓራፋንጎ የራስህን ጀርባ ያድናል፤ ኋለኛውን የሚያድነው ከጫፉ ወደ መሬት የሚንጠለጠለው ላስቲክ ነው። አንዳንዱ ከላስቲክ የውሃ ጠርሙስ ቆርጦ በቡሎን ያስረዋል። ይህን ያህል ትንሽ ሥራ ለሌላ ሰው ብቻ ጥቅም ሲሠራ ማየት ደስ ይላል፤ የሠራው ሰው ራሱ ከሱ የሚያገኘው ምንም የለምና። የአዲስ አበባን ሐምሌ የሚያውቅ ብስክሌተኛ ይህን ለመረዳት ብዙ ቃል አያስፈልገውም።

በረዶን ግን ማንም ደንብ አያሸንፈውም። መንገድ ላይ ጨው የሚበተነው የውሃን መርጊያ ነጥብ ዝቅ ስለሚያደርግ ነው፤ ጠባብ የገጠር መንገዶች ግን ብዙ ጊዜ አይደርሳቸውም። ዛፍ ያጠላበት ኩርባና ከሥሩ ነፋስ የሚያልፍበት ድልድይ ሌላው መንገድ ደርቆ ሳለ የማይታይ ስስ በረዶ ይይዛሉ። ስለዚህ ክበቦች በብርዱ ወራት መነሻቸውን ወደ ጠዋቱ 3 ሰዓት ወይም ከዚያ በኋላ ያሸጋግራሉ፤ ቅዳሜ ማታ ትንበያው መጥፎ ከሆነ ይሰርዙታል። ጊዜው ደግሞ ጠባብ ነው። በታኅሣሥ መጨረሻ ለንደን ላይ ፀሐይ የምትወጣው ከጠዋቱ 2 ሰዓት አልፎ፣ የምትጠልቀው ከቀኑ 10 ሰዓት ገደማ ነው። መንገዱ የሚመረጠው ይህን ብርሃን በመለካት ነው።

ቡድኑ ሌላም የሚካፈለው ነገር አለ፤ ዓይን። በረድፉ መሐል ያለ ሰው የሚያየው የፊተኛውን ጀርባ ብቻ ነው። ስለዚህ ፊተኛው «ጉድጓድ!» ብሎ በጣቱ ወደ መሬት ያመለክታል፤ ቃሉ ከአፍ ወደ አፍ ወደ ኋላ ይወርዳል። የቆመ መኪና ካለ የግራ እጅ ከወገብ ኋላ ይሄድና ወደ ቀኝ ይጠቁማል፤ ወደዚያ እንሸሻለን ማለት ነው። የመጨረሻው ሰው በበኩሉ «መኪና ከኋላ!» ብሎ ወደ ፊት ያስተላልፋል። ሁለት ሁለት ሆኖ መሄዱ ራሱ ሾፌሮችን ሲያናድድ ኖሯል፤ ስሌቱ ግን ከብስክሌተኞቹ ጎን ነው። አሥራ ሁለት ሰው በአንድ ረድፍ ሲሆን ወደ 28 ሜትር ይረዝማል፤ በጥንድ ሲሆን ግማሹን፤ ሾፌሩም በተቃራኒው የመንገድ መስመር ላይ የሚቆይበት ጊዜ ያጥራል። በጥር 2022 የተሻሻለው የብሪታንያ የመንገድ ደንብም በትልቅ ቡድን ውስጥ ጎን ለጎን መንዳት ለደኅንነት ሊሻል እንደሚችል በግልጽ አስፍሯል።

ስለ ፍጥነት ጥቂት ልበል። የጎዳና ውድድር ወቅት በአብዛኛው ከመጋቢት እስከ ጥቅምት ስለሆነ የብርዱ ወራት የመሠረት ጊዜ ነው። ረጅምና ረጋ ያለ ጉዞ በጡንቻ ውስጥ ደም የሚያደርሱትን ቀጫጭን ሥሮችና በሕዋስ ውስጥ ኃይል የሚያመነጩትን ሚቶኮንድሪያ ያበዛል፤ ልብ በአንድ ምት የሚረጨውን ደም ያሳድጋል። ይህ በጥድፊያ አይገኝም፤ ሰዓታት ይጠይቃል። መለኪያው ወሬ ነው። አንድ ዓረፍተ ነገር ሳትተነፍስ መጨረስ ካቃተህ ቡድኑ ፈጥኗል። ወሬኛ ቡድን ሰነፍ ቡድን የሚመስለው ሰው ብዙ ነው፤ በእኔ እምነት በትክክለኛው ፍጥነት የሚሄደው እሱ ነው።

ከእነዚህ የአካባቢ ክበቦች ምን ዓይነት ሰው እንደሚወጣ ለማየት ቤሪል በርተንን ማንሳት ይበቃል። በ1937 በሊድስ ተወልዳ፣ ባሏ ቻርሊ ወደ ብስክሌት አምጥቷት፣ በዮርክሸር የሞርሊ ክበብ አባል ሆነች። ደሞዝ የሚከፍላት ቡድን አልነበራትም፤ የክበቡ አባል በነበረ ገበሬ እርሻ ላይ ሩባርብ የሚባለውን ተክል እየነቀለችና እየተሸከመች ትሠራ ነበር። ሰባት ጊዜ የዓለም ሻምፒዮን ሆናለች። በ1967 በ12 ሰዓት ውድድር 277.25 ማይል፣ ማለትም ከ446 ኪሎ ሜትር በላይ ነዳች፤ ይህም በዚያው ቀን ከተመዘገበው አዲስ የወንዶች ክብረ ወሰን የበለጠ ነበር። ያን የወንዶች ክብረ ወሰን ያስመዘገበውን ማይክ ማክናማራን ስታልፈው ከኪሷ ከረሜላ አውጥታ ሰጠችው፤ እሱም አመስግኖ ተቀበላት። የሴቶቹ ክብረ ወሰን ሳይሰበር 50 ዓመት ቆይቷል። ከረሜላውን ብዙዎች እንደ ቀልድ ያወሩታል። እኔ ግን የክበብ ሰው እጅ አድርጌ ነው የማየው፤ መንገድ ላይ የደከመ ሰው ሲያይ ወደ ኪስ የሚገባ እጅ።

ሻይ ቤቱን እንዳልዘልለው። መቶ ኪሎ ሜትር ወደ 2,000 ኪሎ ካሎሪ ይበላል፤ ስለዚህ በተጠበሰ ዳቦ ላይ የፈሰሰው በቲማቲም የተሠራ ቦሎቄም ሆነ ትልቁ የኬክ ቁራሽ የሚያሳፍር አይደለም። ከግማሽ ሰዓት በላይ መቀመጥ ግን አይመከርም፤ ሰውነት ይቀዘቅዛል፣ እግር ይተሳሰራል። ልምድ ያለው ሰው ደረቅ ጓንት በላስቲክ ጠቅልሎ ይይዝና ሲወጣ ይቀይራል። የድሮዎቹ ደግሞ የሻይ ቤቱን ያለፈ ጋዜጣ ለምነው ደረታቸው ላይ ከሹራቡ ሥር ይከቱታል፤ ነፋስ የሚያስቆም ወረቀት ከብዙ ውድ ልብስ ያላነሰ ይሠራል።

በለንደን፣ በማንችስተር ወይም በሌላ የአውሮፓ ከተማ የሚኖር አንባቢ ይህን ለመሞከር ከፈለገ በሩ ሰፊ ነው። አብዛኞቹ ክበቦች አባል ከመሆን በፊት ጥቂት እሁዶችን በእንግድነት መሄድ ይፈቅዳሉ። ቡድኖቻቸውን በአማካይ ፍጥነት ይከፋፍላሉ፤ ቀርፋፋው ቡድን ብዙ ጊዜ በሰዓት ከ20 እስከ 23 ኪሎ ሜትር አካባቢ ይሄዳል፣ ከዳገት አናት ላይም የቀረውን ይጠብቃል። ቀደም ብሎ ለክበቡ ጸሐፊ መጻፍና የብርዱ ወራት ደንብ ምን እንደሆነ መጠየቅ ጥሩ ነው። የሚያዘው ይህ ነው፦ ሁለት ካላማዳሪ፣ ጎማ መንፊያ፣ የፊትና የኋላ መብራት፣ የሚበላ ነገር፣ ፓራፋንጎ ከነላስቲኩ። አዲስ መሆንን ለመሪው መናገር ያስፈልጋል፤ ያን ጊዜ ከመሐል ረድፍ፣ ነፋስ ከማይነካው ቦታ ያስገባሃል፣ ተራህ ሲደርስም ፊት ሳትቆይ እንድታልፍ ያደርግሃል። በሁለት ቡድን መካከል ካመነታህ በቀርፋፋው ጀምር፤ ወደ ፈጣኑ መዛወር በማንኛውም እሁድ ይቻላል።